አባዬ የለካው ዘንግ

ዘንጉ ረዘመ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ጣት ያህል ነው፤ ግን ብረት ነው እንጂ ሱሪ አይደለም፣ ታጥፎ አይሰፋ። መኪናው ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ አንዱን ጫፍ ካምቢዮው ላይ ሰክቼ ሌላውን ወደ ኋላ ሳስጠጋው ዲፈረንሻሉን ገጭቶ ቆመ። ገፋሁት። ሰደብኩት። ክንዴን አዙሬ እንደገና ገፋሁት። ወይ ፍንክች። የዛገ ብናኝ ፊቴ ላይ ረገፈና አንዱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

አባዬ ጎማው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ብሎኖቹን በጨርቅ ይወለውላል። ገባልሽ ወይ አለኝ። ቢገባ ኖሮ እዚህ ሥር ምን ይጎልተኝ ነበር አልኩት። መወልወሉን ቀጠለ። እኔ ስናደድ እሱ ዝም ይላል፤ እሱ ዝም ሲል እኔ ይብስብኛል። ክብሪት ብሎ የሰየመኝ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ሲለኮስ ማማረር አይችልም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው መኪና የስፌት መኪና ነበር። ጎልማሳ ሳለ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። ፈቃዱ ጊዜው ባለፈ ቁጥር ሄዶ ያሳድሳል፣ ያሳደሰውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ በእግሩ ወደ ሱቁ ይሄዳል። እማዬ በዚህ ስንት ዘመን ስቃበታለች። ሱቁን የዘጋ ሰሞን ታዲያ በሣጥን ተልኮ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም መኪና አዘዘ። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ ስትታይ ጫማ የምትመስል መኪና ናት። አጥንቷና ቆዳዋ፣ መቀመጫዋና መብራቷ በሣጥን መጡ። ሞተርና ማርሽ የሚቀየርበት ካምቢዮ ግን ራስህ ፈልግ ይላል ወረቀቱ። ሞተሩን ከተጋጨ መኪና፣ ካምቢዮውን ደግሞ ከሌላ ከተጣለ መኪና አገኘን፤ ሁለቱ በሕይወታቸው ተያይተው አያውቁም። እኔ የዳቦ ቤት መኪና ሾፌር ነኝ። ጧት ዳቦ አድርሼ ከምሳ በኋላ ነፃ ነኝ። ነበርኩ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ላይ ተዝናንተን ነበር የምንሠራው። አንድ ብሎን አስረን ሻይ እንጠጣለን። ኋላ ግን አባዬ ዓይኑን ለመታየት ሄደ፣ እኔም አብሬው ነበርኩ። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። ከመሃል እየደበዘዘ ይሄዳል፣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፣ መቼ እንደሚያልቅ ግን እኔም አላውቅም አለን። ቤት ስንደርስ አባዬ ልብሱን ሳይቀይር በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደና ገና ጎማ እንኳ ያልነበራት መኪና ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሳይጨልምብኝ ይቺን መንዳት እፈልጋለሁ» አለ። «አንድ ቀን ይበቃኛል። ከዚያ በኋላ ብትፈልጉ የዶሮ ቤት አድርጓት።»

እሺ አልኩት። ምን ልበል? ግን በዝምታ አይደለም እሺ ያልኩት። ስንት ጉድ መንገድ ላይ ያየሁ ሰው ነኝ፣ በመሪ አልቀልድም። የሚነዳው ከቤታችን ኋላ ባለው በተዘጋው ፋብሪካ ሜዳ ላይ ብቻ ነው አልኩ። ደግሞም በራችን ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን የፀጉር አስተካካዩን ሰሌዳ ማንበብ እስከቻለ ድረስ ነው። ማንበብ ያቃተው ቀን መሪ የለም። ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ካገኘሁት እጠይቀዋለሁ። «ለወንዶችም ለሴቶችም፣ ያለ ወረፋ» ይለኛል። ያለ ወረፋ የሚለው ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው ብሎ ይጨምርበታል። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ጓሮ እገባለሁ።

ከዚያ በኋላ ሻይ የለም፣ ጥድፊያ ብቻ ነው። ስትቸኩል ደግሞ ብረት ያውቅብሃል። ካምቢዮው ጨጓራዬን ላጠው። እንደ በሬ ጭንቅላት የከበደ ነገር በክሪክ አንስቼ፣ ግማሹን በደረቴ ተሸክሜ፣ ከፊቱ የወጣችውን ጥርሳም ብረት በፍሪሲዮኑ ሸራ ቀዳዳ ውስጥ ማሳለፍ ነበረብኝ። ትጠጋለች፣ ትነካለች፣ ትመለሳለች። ከሣጥኑ ጋር የመጣው ወረቀት «በቀስታ ገፋ ሲያደርጉት ይንሸራተታል» ይላል። ያንን የጻፈው ሰው እጄ ቢገባ እኔም በቀስታ ገፋ አደርገው ነበር። ጣቶቼ ተላጡ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ክሪኩ አንድ ጊዜ ሸርተት ብሎ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። በመጨረሻ አባዬ አውርጂው አለኝ። እጁን ሞተሩ ኋላ ሰደደና ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጫፍ ቀዳዳውን ዙሪያውን ዳሰሰ። ሸራው መሃል አልሆነም፣ ወደ ግራ አዘንብሏል አለ። ብሎኖቹን አላልቶ፣ ነካ ነካ አድርጎ፣ መልሶ አጠበቀ። ካምቢዮው እንደ ቁልፍ በቁልፍ ቀዳዳ ጥልቅ አለ። ዓይኑን የጨፈነው ሊኮራብኝ መስሎኝ ነበር።

ደስታው የቆየው የማርሹን እጀታ እስክናይ ነው። ካምቢዮው የሌላ መኪና ስለሆነ እጀታው ከሾፌሩ ርቆ፣ ከጎን የሚቀመጠው ሰው ጉልበት ሥር ብቅ አለ። ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት፤ ሁለተኛ ለማስገባት ከወገብ መጎንበስ፣ ሦስተኛ ለማስገባት ጎረቤት መጥራት ያስፈልጋል። ቆርጠን እናጥምመው አልኩ። አባዬ ተይው፣ መጀመሪያ ዘንጉ ይግባ፣ ጊዜ የለንም አለ። ጊዜ የለንም ሲል መጋዙን መልሼ አስቀመጥኩ።

እንግዲህ ዘንጉ ከካምቢዮው ተነስቶ በዲፈረንሻሉ በኩል የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ረጅሙ ብረት ነው። እንደኛዋ ለተዳቀለ መኪና የሚሆን ተዘጋጅቶ አይሸጥም፤ አሮጌ ዘንግ ወስዶ በልክ ማስቆረጥና ማስበየድ ግድ ነው። ይህን የሚሠሩት ከጥግ ያሉት የቶርኖ ቤት ባለቤት ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቶርኖ ነው የሚላቸው። ልኩን እኔ ልውሰድ ብል አባዬ አሻፈረኝ አለ። መለካት የማን ሙያ ነው? እኔ የሚኒስትር ወገብ ለክቼ ያልተሳሳትኩ ሰው በአንድ ቱቦ ልሳሳት ነው ወይ አለኝ። እውነቱን ነው አልኩና ተውኩት። ለካ፣ ሄደ፣ አሠራ፣ እኔም ይኸው ሥሯ ገብቼ የዛገ ብናኝ እየበላሁ ነው።

ከመኪናው ሥር ስወጣ የስፌት ትርፍ ጨምረህበታል አይደል አልኩት። ልብስ ሲቆርጥ ሁሌ ለስፌት የሚገባ ትርፍ ይተዋል፤ ብረቱም ላይ ያንን ያደረገ መስሎኝ ነው። አባዬ ትንሽ አሰበና ሳቀ። ልማድ ነው ልጄ፣ እጄ ሳያስበው ጨምሮ ነው አለ። እማዬ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በባሏ ላይ መሳቅ ትወድ የለ? ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ዘንጉን ይዞ እንደገና ሄደ። እንደገና ለክቶ እንደገና አሠርቶ መጣ። ሁለተኛው ደግሞ አጠረ። ያውም ማጠር! የካምቢዮው ጥርስ ጫፉን ብቻ ነክሶ ይዞታል፤ መኪናዋ አንድ ጉድጓድ ብትዘል ተነቅሎ አስፋልቱን እያረሰ ይሄዳል። የረዘመ ብረት ይቆረጣል፣ ያጠረ ግን ምን ይደረጋል? ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። በእጄ የነበረውን ቁልፍ ወረወርኩት፣ እሱም ሄዶ የእማዬን ባልዲ ሰነጠቀው። ሰው በአንድ ዘንግ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል ወይ አልኩ፤ የሚያስቸኩልህ አንተ፣ ጊዜ የምታባክነው አንተ፣ ጣቱ የሚላጠው የእኔ። አባዬ የወደቀውን ቁልፍ ለማንሳት ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ዳበሰ፣ አገኘው፣ በጨርቅ ጠርጎ ቦታው መለሰው። ይህንንም አየሁት። ሰው ሲናደድ እያየም አያይ።

በማግስቱ ያጠረውን ዘንግ ትከሻዬ ላይ ጭኜ ጋሽ ቶርኖ ዘንድ ሄድኩ። የሄድኩት ለመጣላት ነው፣ አልደብቅም። ያለኝን ሁሉ አራገፍኩባቸው፤ ሽማግሌ ስለሆነ ነው የምትቀልዱበት እስከማለት ደረስኩ። እሳቸው ማሽናቸውን አላቆሙም። የያዙትን ጨርሰው፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ ከግድግዳው ምስማር ላይ አንድ ነገር አውርደው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ነጭ የስፌት ክር ነው። በሁለት ጫፉ ቋጠሮ አለው።

አባትሽ ልክ ብሎ ያመጣልኝ ይህንን ነው አሉኝ። ቁጥሩን ንገረኝ ቢሉት ቁጥር ምን ያደርግልሃል፣ ርዝመቱን ራሱን አመጣሁልህ እኮ ብሎ ቀለደባቸው። እሳቸው ደግሞ የብረት ሰው ናቸው፣ ክሩን ጥርቅ አድርገው ወጥረው ለኩት፤ ክር ሲወጥሩት ይለጠጣል፣ ዘንጉ ረዘመ። ሁለተኛ ሲመጣ እንዳትወጥረው፣ ልል አድርገህ ያዘው ብሎ አደራ አላቸው፤ አጠረ። ያኔ ግን ከመቁረጣቸው በፊት፣ እንዲህማ አይሆንም፣ ክሩን ራስህ ለካው ብለው የብረት ሜትር አውጥተው ሰጥተውት ነበር።

«ቁጥሩን አንተው ንገረኝ አልኩት» አሉ። «ሜትሩን ገልብጦ ያዘውና ዝም ብሎ አየው። እኔም ዝም አልኩ። ለሰው ይነገራል ወይ ይሄ?»

ዘንጉን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ክሩ መዳፌ ውስጥ ነበር። ሰፈራችን ስደርስ ፀጉር አስተካካዩ መሰላሉን አጥፎ ያስገባል። ሰሌዳውን ቀለም ሊያድስ አውርዶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቁሞታል፤ በሩ አናት ላይ የቀሩት ሁለት ባዶ ማንጠልጠያዎች ናቸው። አባዬ በራችን ላይ ቆሞ ፀሐይ ይሞቃል። ፊቱን ወደ ማዶ አድርጎ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ መጠየቅ አልፈለግኩም።

«አባዬ፣ ዛሬስ ምን ይላል?»

«ለወንዶችም ለሴቶችም፣ ያለ ወረፋ» አለ ወዲያው፣ ፈገግ ብሎ። «ያለ ወረፋ የሚለው ግን...»

«ሰሌዳው የለም» አልኩት። «አውርደውታል።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የት እንደሚያስቀምጠው ያጣ ሰው መሰለ። መቼ አወረዱት አለኝ። ዛሬ አልኩት። እንግዲያ እስከ ትናንት አልዋሸሁም ማለት ነው አለ፤ ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅኩም። ክሩን እጁ ላይ አደረግኩለት። ቋጠሮውን በጣቱ አገኘውና ምን እንደሆነ አወቀ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩት። ካምቢዮውን ከመግጠማችን በፊት ጀምሮ ፊደል ጠፍቶበታል። የሰው ቁመና ያያል፣ ብርሃን ያያል፣ ዳር ዳሩን ያያል፣ የሚያተኩርበት ነገር ግን ይጠፋበታል።

«ብነግርሽ መሪውን ትነሺኛለሽ» አለ። «ዘንጉ ቶሎ ቢገባ፣ አንድ ዙር ዞሬ፣ ያን ጊዜ እነግርሻለሁ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ቀና ብዬ ባዶዎቹን ማንጠልጠያዎች አየሁ። ከዚያ ንዴቱ መጣ። በእሱም፣ በሐኪሙም፣ በዚያ በወረቀቱ ጸሐፊም፣ ከሁሉ በላይ ግን ለከንቱ መሆኑ ላይ። ያ ሁሉ የተላጠ ጣት፣ ያ ሁሉ ከምሳ በኋላ፣ ለሱ አንድ ዙር ነበር፤ ያቺ ዙር ደግሞ ካምቢዮውን ከመግጠማችን በፊት አልፋለች። እማዬ ጋ ገብቼ አባዬ እኮ አያይም አልኳት፣ የማታውቅ መስሎኝ። የሚጠገን ሸሚዝ ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«መርፌው ውስጥ ክሩን የሚያስገባለት ማን መሰለሽ?» አለችኝ።

ሁለታችሁም አታላችሁኛል ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ መሪውን በቡጢ መታሁት። ማልቀስ ሲመጣ ደግሞ እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ፣ ሰው የለ። ሲወጣልኝ የብረት ሜትሬን ይዤ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ንዴት ይመስለኛል። ዘንግ የሌላት መኪና ጓሮዬ ውስጥ እያየሁ መኖር አልችልም። ከካምቢዮው እስከ ዲፈረንሻሉ ለካሁ፣ ለመንሸራተቻው የሚገባውን ቀነስኩ፣ ቁጥሩን ክንዴ ላይ ጽፌ ለጋሽ ቶርኖ ወሰድኩላቸው። ቀደም ብዬ ስለተናገርኩት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የሰሙ አልመሰሉም፣ ብቻ ሥራውን አስቀደሙልኝ።

ሦስተኛው ገባ። ያለ ስድብ፣ ያለ ግፊያ ገባ። ከኋላ በኩል አራቱን ብሎን ለማሰር ቁልፍ ስፈልግ የአባዬ እጅ ከማዶ ሥር ገባ። በሆዱ ተኝቶ ነበር፣ በዚያ ዕድሜው። ልከለክለው ፈልጌ ተውኩት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ አስገባቸው፣ ቀዳዳውን አንዴም ሳይስት፤ ከዚያ ቁልፉን ተቀብሎኝ አጠበቃቸው። እኔ ዘንጉን በእጄ አዞርኩት፣ ጎማዎቹ አብረው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋብሪካው ሜዳ ይዤው ሄድኩ። እጀታው ስለማይደረስበት በአንደኛ ማርሽ ብቻ እያጓራን ነው የሄድነው፤ እማዬ ጆሮዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ሸኘችን። ሜዳው ባዶ ነበር። ጥግ ላይ ካለው የተሰበረ አጥር በቀር የሚገጭ ነገር የለውም። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩና በአባዬ በኩል ዞሬ በሩን ከፈትኩለት።

«ና፣ ተነስ» አልኩት። «ቀስ ብለህ ንዳት። አጠገብህ ነኝ።»

አልተነሳም። «ሰሌዳውን ያላነበበ መሪ የለውም አላልሽም?»

«ያልኩትን ተወው አባዬ። ማንም የለም እኮ።»

«መኖር አለመኖሩን የምታይው አንቺ ነሽ» አለኝ። በቁጣ አይደለም የተናገረው። «ግቢና ንጂ። እኔ መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ አለ፣ ይበቃኛል።»

ተመልሼ ገባሁ፣ አስነሳሁ፣ አንደኛ አስገብቼ ለቀቅኳት። መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ከዚያ ተስተካክላ ሄደች። ዘንጉ ከበታቻችን ያለ እንከን ይዞራል። ሞተሩ ሲጮህ ሁለተኛ ላስገባ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጄን ሰደድኩ። እጀታውን አላገኘሁም፤ የአባዬ እጅ ቀድሞኝ እላዩ ላይ አርፏል፣ ከጉልበቱ አጠገብ፣ እዚያ ለተቀመጠ ሰው ተለክቶ የተሠራ ይመስል።

«ፍሪሲዮኑን ርገጪ» አለ።

ረገጥኩ። አስገባው። ትንሽ ሄድን፤ ጭንቅላቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። አሁን አለ። እኔ በራሴ ጊዜ መርገጥ የለመድኩ ሰው ነኝና ዘገየሁ፣ ካምቢዮው ተንቋቋ።

«የዳቦ መኪና አይደለችም፣ ስልሽ ርገጪ» ብሎ ተቆጣኝ። ስንት ዓመት ኖሬ ሰው ሲቆጣኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሦስተኛው ያለ ድምፅ ገባ። ንፋሱ ፊታችንን መታው፣ የአባዬ ዓይን እንባ ያፈሳል፣ ከንፋሱ ይሁን አልጠየቅኩም። የሜዳው ጫፍ ስንደርስ አጥሩ ቀረበ አልኩት፤ ወደ ሁለተኛ መለሳት፣ እኔም መሪውን አዞርኩ።

«አንድ ዙር አልነበር ያልከው?» አልኩት።

«መሪሽን ያዢ» አለኝ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩለት።